የጎረቤትን ሃይማኖት ስለ መጠየቅ

በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በሮቤ ከተማ የተደረገ ንግግር




የጉባኤው አዘጋጆች ንግግር እንዳደርግ በጋበዙኝ ጊዜ ስለ ድልድይ መሠረት ወይም ስለ ውሃ መስመር ግፊት የምናገር ሳይመስላቸው አልቀረም። ርእሱን የመምረጥ ነፃነት ስለ ተሰጠኝ ግን በሙያ መጻሕፍታችን ውስጥ የማይገኝ፣ በሥራችን ላይ ደግሞ ዘወትር የሚገጥመንን ጉዳይ መርጫለሁ። ይኸውም የሌላውን ሰው ሃይማኖት ለማወቅ ያለን ጉጉትና ከዚሁ ጉጉት ጋር አብሮ የሚኖረው ቁጥብነት ነው።

ሃይማኖትን መስበክ ወይም ሃይማኖቶችን ማበላለጥ ዓላማዬ አይደለም። ለዚያ ሥልጣኑም ዕውቀቱም የለኝም። እኔ የምጠይቀው አነስ ያለ ጥያቄ ነው፤ አብረን እየኖርን፣ አብረን እየሠራን፣ ሲሞትብን አብረን እየቀበርን፣ አንዳችን የሌላውን እምነት ሳንጠይቅ ዕድሜያችን የሚያልፈው ለምንድን ነው? ይህስ አለመጠየቅ ምን ያስከፍለናል?

1. ስለ ስፍራው

ለዚህ ጥያቄ ይህ የተሰበሰብንበት አገር ጥሩ መምህር ነው። ሮቤና ጎባ በ14 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚራራቁ ከተሞች ናቸው። ከጎባ ወደ ደቡብ የሚወጣው መንገድ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የሰነቲ አምባ ላይ፣ 4377 ሜትር የሚደርሰውን የቱሉ ዲምቱን ተራራ አጠገብ አድርጎ፣ በሐረና ደን በኩል ወደ ደሎ መና ቆላ ይወርዳል። ከሮቤ በጎሮ በኩል ወደ ምሥራቅ የሄደ ሰው ደግሞ የወይብ ወንዝ መሬት ውስጥ ገብቶ የሚያልፍበትን፣ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን የሶፍ ዑመር ዋሻ ያገኛል። ዋሻው ስሙን ያገኘው በዚያ ይጸልዩ ነበር ከሚባሉት ከሼክ ሶፍ ዑመር ሲሆን፣ ስፍራው ከእስልምና በፊትም የጸሎት ቦታ እንደነበረ በአገሩ ይነገራል። ከዚያም ወዲያ ድሬ ሼክ ሁሴን አለ። ባለ መንታ ጫፍ በትራቸውን የያዙ ምእመናን ከሩቅ አገር በእግር ሳይቀር እየመጡ፣ ሼኩን በኦሮምኛ ዜማ እያወደሱ የሚሳለሙት ቦታ ነው።

በዚህ ደጋ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ነው። በተለይ በከተሞቹ ብዙ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ይኖራሉ፤ የፕሮቴስታንት አማኞችም አሉ። ከሁሉም በፊት የነበረው፣ በአንድ ዋቃ የሚያምነው የዋቄፈና ሥርዓትም ዛሬ ድረስ አለ። ቀደም ባለው ዘመን ከልዩ ልዩ የኦሮሞ አገሮች የሚላኩ ጂላዎች አባ ሙዳን ለመሳለም የሚጓዙት ወደዚሁ ወደ ባሌ፣ ወደ ደሎ ነበር። ይህ ጉዞ የተቋረጠው በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ገደማ ነው።

ድሬ ሼክ ሁሴን ለመሳለም ከሚሄዱት መካከል ክርስቲያኖች እንዳሉም ይታወቃል። በከተሞቹ ውስጥ ቡናው፣ ዕድሩና ለቅሶው የጋራ ነው። ሠርግ ሲሆን ሁለት ድስት ይጣዳል፤ ሁለት ባራጅ ይጠራል፤ ማንም አይቀየምም። ሆኖም ሠላሳ ዓመት አብሮ የኖረውን ሰው፣ ጎረቤትህ በሶላቱ ውስጥ ምን ይላል፣ ወይም ጎረቤትህ በቅዳሴው ውስጥ ምን ያደርጋል ብለን ብንጠይቀው ብዙውን ጊዜ መልስ የለውም። ጎረቤቱ በስንት ሰዓት ሊጸልይ እንደሚሄድ ያውቃል፤ ለምን እንደሚሄድ ግን ጠይቆት አያውቅም።

2. ቁጥብነቱ ከየት መጣ?

ይህን ቁጥብነት ድንቁርና ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይመስለኝም። እኔ እስከማስተውለው ድረስ አራት ምክንያቶች አሉት፤ ከአራቱም ውስጥ አንዳንዶቹ ሊከበሩ የሚገባቸው ናቸው።

አንደኛው ይሉኝታ ነው። የሰውን እምነት መጠየቅ ጓዳውን ገልጦ እንደ ማየት ይቆጠራል። ባለማወቅ የምትወረወር አንዲት ቃል ለዓመታት የተገነባ ጉርብትናን ታፈርሳለች ተብሎ ይፈራል። ዝምታው አክብሮት ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ነው። በአገራችን የሌላውን ሃይማኖት አጥንቶ መጠየቅ ብዙውን ጊዜ የመጣው ከክርክር ወይም ከግዳጅ ጋር ነበር። በየመን ተወልደው፣ በኢትዮጵያ ክርስትናን ተቀብለው የደብረ ሊባኖስ እጨጌ እስከ መሆን የደረሱት ዕንባቆም እ.ኤ.አ. በ1540 ገደማ «አንቀጸ አሚን» የተባለውን መጽሐፍ ለኢማም አሕመድ ኢብራሂም ጻፉ። መጽሐፉ ቁርአንን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው፤ የተጻፈው ግን ለመርታት ነው። በዚያው ዘመን በኢማም አሕመድ ዘመቻ ብዙ ክርስቲያኖች በግዴታ ሰልመዋል። በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ደግሞ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። እንግዲህ «የምታምነው ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ለአያቶቻችን የሚሰማው «መቼ ነው የምትለወጠው?» ተብሎ ነበር ማለት ይቻላል። ጠያቂው ያን ባያስብም የተጠያቂው ጆሮ ያስታውሳል።

ሦስተኛው ለራስ እምነት መሥጋት ነው። የሌላውን የጠየቀ ሰው የራሱን የሚያላላ ይመስለዋል፤ ቤተ ሰቡም እንዲሁ ይፈራለታል። የወላጅ ሥጋት የሚናቅ ነገር አይደለም።

አራተኛው የእኛ የተማርነው ሰዎች ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ምክንያት የሌለውም ይኸኛው ነው። ሃይማኖት የሽማግሌዎች ጉዳይ ነው፣ ለምሕንድስና ምን ይፈይዳል፣ እንላለን። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲካሄድ ይደነግጋል። ይህ በሁላችን ላይ የአንዱ እምነት እንዳይጫን የሚጠብቅ መልካም ድንጋጌ ነው። ነገር ግን አንድን ሃይማኖት ማስተማር ሌላ፣ ስለ ሃይማኖቶች ማስተማር ሌላ ነው። ሁለቱን ባለመለየታችን፣ የአፈርን የመሸከም ኃይል አስልቶ የሚያውቅ መሐንዲስ ቀን ሠራተኛው ለምን በዕለቱ ውሃ እንደማይጠጣ ሳያውቅ ይመረቃል።

3. ሌላም ታሪክ አለን

ይሁን እንጂ ታሪካችን ክርክርና ግዳጅ ብቻ አይደለም። በሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ተሰድደው ወደ አክሱም በመጡ ጊዜ የሆነውን የሙስሊም ታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። የመካ መልእክተኞች ስደተኞቹ ተላልፈው እንዲሰጧቸው ጠየቁ። ንጉሡ ግን ከመፍረዳቸው በፊት ስደተኞቹን አስጠርተው፣ ይህ የያዛችሁት ሃይማኖት ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብም መልስ ሰጥቶ ስለ ማርያም ከሚናገረው ምዕራፍ አነበበላቸው። ንጉሡም ሰምተው ስደተኞቹን አሳልፈው አልሰጡም። በዚህ ትረካ ውስጥ እኔን የሚማርከኝ ቅደም ተከተሉ ነው፤ መጀመሪያ ጥያቄ፣ ቀጥሎ መስማት፣ ፍርዱ በመጨረሻ።

በቅርቡ ዘመንም በ1961 ዓ.ም. ቁርአን በሼክ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና በሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ተተርጉሞ በአማርኛ ታተመ። ትርጉሙ የተሠራው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትእዛዝ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ዐረብኛ የማያውቅ የአማርኛ አንባቢ፣ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ ጎረቤቱ የሚያነበውን ለማወቅ የቋንቋ ማመካኛ የለውም።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገውን የሙስሊሞች ታላቅ ሰልፍም እናስታውስ፤ ብዙ ክርስቲያኖች አብረው የተሰለፉበት ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» መባሉ ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል የሚል ነበር። አንዱ አጠራር ባለ አገር ያደርጋል፤ ሌላው እንግዳ ያደርጋል። በ1967 ዓ.ም. ሦስቱ የእስልምና በዓላት በመላ አገሪቱ እንዲከበሩ ታወጀ። የጎረቤቱን ስም እንኳ በባለቤቱ ፈቃድ መጥራት ሳይጠይቁ የሚገኝ ዕውቀት እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

4. አለመጠየቅ በሥራችን ላይ የሚያስከትለው

አሁን ወደ ራሳችን ሙያ ልመለስ። ሦስት ነገሮችን ብቻ አነሣለሁ።

የመጀመሪያው ምንጭ ነው። ምንጭ ማጎልበት ለእኛ የግንብ፣ የቧንቧና የማጠራቀሚያ ጉዳይ ነው። ለአገሩ ሰው ግን ያው አንድ ምንጭ ለአንዱ ጠበል፣ ለሌላው የውዱእ ውሃ፣ ለሦስተኛው ኢሬቻ የሚያወጣበት መልካ ሊሆን ይችላል። በላዩ ሲሚንቶ ከመሙላታችን በፊት ካልጠየቅን፣ ውሃ ሰጠን ብለን ስንደሰት ውሃ የነጠቅን እንሆናለን። ትንሽ የውሃ መውረጃ ክፍት መተው ብዙ ጊዜ ይበቃ ነበር፤ ያን የሚነግረን ግን ሥዕሉ ሳይሆን ሰው ነው።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የእስልምና ዓመት በጨረቃ ብቻ ስለሚቆጠር ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት እየቀደመ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል። የቤተ ክርስቲያን ባሕረ ሐሳብ ግን ጨረቃን ከፀሐይ ጋር ስለሚያስማማ ዐቢይ ጾም ከወቅቱ አይወጣም። በዚህ ምክንያት ሁለቱ አልፎ አልፎ ይገናኛሉ። መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ሁለቱም በአንድ ቀን ጀመሩ። በአንድ የሥራ ቦታ ግማሹ ሠራተኛ ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ምግብም ውሃም የማይቀምስበት፣ ሌላው እስከ ቀትር በኋላ የሚጾምበት ወር ማለት ነው። በሰነቲ ብርድ ይህ ይቻል ይሆናል፤ በደሎ መና ሙቀት ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። ከባዱን የኮንክሪት ሙሌት ከማለዳው 12 ሰዓት ጀምሮ መሥራት፣ ከባድ መኪና ነጂውን ከሰዓት በኋላ መጨረሻ ላይ ማሳረፍ ወጪ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አስቀድሞ ማወቅን ብቻ ነው። በካምፕ ወጥ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ የሌላውን እርድ እንደማይበላ የማያውቅ ባይኖርም፣ ሁለት ቢላዋና ሁለት ድስት በበጀት ውስጥ ሲያዝ ያየሁት ግን ጥቂት ጊዜ ነው።

ሦስተኛው መቃብር ነው። እዚህ ላይ በዚሁ ደጋ በአንድ የመንገድ ሥራ ላይ ያየሁትን ልናገር። የሥራውን ስምም የሠሪውንም ስም ማንሣት አያስፈልግም። ቀያሾቹ ከእርሻ የተለቀመ ድንጋይ የመሰላቸውን ክምር መስመሩ እንዲያልፍበት ምልክት አድርገው ነበር። ሽማግሌዎች መጥተው ሥራውን አስቆሙ። ጉዳዩን እንዳይ ተልኬ በሄድኩ ጊዜ ያገኘሁት በጎባ ተወልዶ ያደገ አንድ ክርስቲያን ፎርማንና የአገሩን አንድ አዛውንት ሼክ ነበር። ሁለቱ የቆዩ ጎረቤታሞች ናቸው።

ፎርማኑ በአክብሮት፣ «ሼካችን፣ እነዚህ ድንጋዮች መቃብር መሆናቸውን በምን ያውቃሉ?» አላቸው።

አዛውንቱ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ሠላሳ ዓመት ቡና ስንጠጣ አንድም ቀን ስለ እምነቴ ጠይቀኸኝ አታውቅም። ዛሬ የምትጠይቀኝ ለማወቅ ነው ወይስ መንገዱን ለማሳለፍ?» አሉት።

ፎርማኑ ማስመሰል አልፈለገም። «ለሁለቱም ነው» አለ።

ሼኩ ሣቁና፣ «እውነቱን ስለ ነገርከኝ ና ላሳይህ» ብለው እጁን ይዘው በድንጋዮቹ መካከል አዞሩት። ሙስሊም ሲቀበር በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ ፊቱ ወደ ቂብላ እንደሚሆን፣ በዚህ አገር ቂብላው ወደ ሰሜን ስለ ሆነ ራስጌው በምሥራቅ እንደሚውል ነገሩት። እኔም ካርታዬን አውጥቼ ተመለከትኩ፤ በእርግጥም መካና ሮቤ ሁለቱም በ40ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ መስመር አካባቢ ስለሚገኙ ከባሌ ወደ መካ የሚያመለክተው አቅጣጫ ከሞላ ጎደል ቀጥ ያለ ሰሜን ነው። ሼኩ ካርታ ሳያዩ የሚያውቁት ነገር ነው።

ቀጥሎም ሼኩ ጥያቄውን መለሱለት። «የእናንተስ ሙት ወዴት ነው የሚያየው?» አሉት። ፎርማኑ በጸሎት ጊዜ ፊቱን ወደ ምሥራቅ እንደሚያዞር ያውቃል፤ የመቃብሩን ግን እርግጠኛ አልነበረም። በማግሥቱ ካህን ጠይቆ መጣ። ክርስቲያን ሲቀበር ራስጌው በምዕራብ ሆኖ፣ በትንሣኤ ቀን ሲነሣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ እንዲሆን ነው። እንግዲህ በባሌ ምድር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚጋደሙት በአንድ የምሥራቅና የምዕራብ መስመር ላይ ነው፤ የሚለያዩት በራስጌና በግርጌ ነው። መንገዱ ጥቂት ሜትሮች ዞሮ አለፈ።

ከዚህ ጉዳይ ሁለት ነገር ተረድቻለሁ። አንደኛ፣ ሼኩ የፈለጉት ጥያቄው እንዲቀር ሳይሆን ከጀርባው ያለው ሐሳብ እንዲታወቅ ነው። ሁለተኛ፣ የሌላውን መጠየቅ የራስን ያላላል የሚለው ሥጋት በተግባር ተቃራኒውን ሲያደርግ አየሁ። ፎርማኑ የራሱን ሥርዓት ለመማር ወደ ካህኑ የሄደው ጎረቤቱ ስለ ጠየቀው ነው።

5. የመሬቱ መልክና ጠባይ

አንዳንድ ባልደረቦቼ፣ ሳንጠያየቅ በሰላም ኖረናል፤ ያልተነካ ነገር ለምን ይነካል፣ ይላሉ። ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው። ሆኖም የሮቤን ሜዳ የምናውቅ ሁሉ የመረሬ አፈርን ጠባይ እናውቃለን። በበጋ ጠንካራ ነው፤ መኪናም ቤትም ይሸከማል። ዝናብ ሲመጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ያልተመረመረ መሠረት የሚፈርሰው ያን ጊዜ ነው። በደረቁ ወራት ያለውን ጥንካሬ አይቶ የአፈር ምርመራውን የተወ መሐንዲስ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ።

በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ሮቤና ዶዶላን ጨምሮ በኦሮሚያ ልዩ ልዩ ከተሞች የሰው ሕይወት የጠፋበት ግጭት ደርሷል። ግጭቱ የተነሣው ሃይማኖትን ካለማወቅ ነው አልልም፤ መነሻው የፖለቲካ ነበር። የምለው ይህን ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ቀን ስለ ጎረቤት ብዙ ወሬ ይነዛል። የእነርሱ መጽሐፍ እንዲህ ያዛል፣ በቤተ ጸሎታቸው ውስጥ እንዲህ ይደረጋል፣ ይባላል። ጎረቤቱን ጠይቆ የሚያውቅ ሰው ወሬውን የሚመዝንበት ነገር አለው። ጠይቆ የማያውቅ ግን በወሬው ፊት ባዶ እጁን ይቆማል፤ የቡናው ፍቅር እውነተኛ ቢሆንም እንኳ፣ እንዲህ አይደለም ለማለት የሚያበቃ ዕውቀት የለውም።

6. እንዴት እንጠይቅ?

ስለዚህ ጥቂት ሐሳቦችን ላቅርብና ንግግሬን ልደምድም።

አንደኛ፣ የሰውን እምነት ከባለቤቱ እንጠይቅ፤ ከተቃዋሚው አንማር። ስለ ድልድዩ የሚጠየቀው የሠራው ነው።

ሁለተኛ፣ ከምሥጢረ ሃይማኖት በፊት ከሥርዓቱ እንጀምር። መቼ ትጾማላችሁ፣ የቱን ቦታ ታከብራላችሁ፣ ሙታችሁን ወዴት ታሳርፋላችሁ? እነዚህ ጥያቄዎች ክርክር አይጋብዙም።

ሦስተኛ፣ የምንጠይቅበትን ምክንያት ሳንሸሽግ እንናገር፤ የፎርማኑ «ለሁለቱም ነው» የምትለው ቃል ከብዙ ማባበል ትበልጣለች። ተመልሶ ለሚመጣብን ጥያቄም ዝግጁ እንሁን።

አራተኛ፣ አልነግርህም የሚለውን መልስ እናክብር። እያንዳንዱ እምነት ለውጭ ሰው የማይገልጠው ነገር አለው። ቁጥብነት ሁሉ ግንብ አይደለም፤ አንዳንዱ በር ነው፣ በሩም ባለቤት አለው። ማወቅ መስማማት እንዳልሆነም ሁላችንም እንወቅ፤ ልዩነቱ እውነተኛ ነው፣ የጠየቀም ያልጠየቀም ሊያጠፋው አይችልም።

አምስተኛ፣ ማኅበራችን ለአባላቱ በሚያዘጋጀው የሥራ መመሪያ ውስጥ እነዚህ ነገሮች እንዲገቡ አሳስባለሁ፦ ከቅየሳ በፊት ሽማግሌዎችን፣ ካህናትንና ሼኮችን ማነጋገር፤ የመቃብር፣ የምንጭና የተከበሩ ዛፎች ስፍራ በካርታ ላይ መመዝገብ፤ በሥራ መርሐ ግብር ላይ የሁሉንም አጽዋማትና በዓላት ማስፈር። ሦስቱም በአንድ ገጽ የሚያልቁ ናቸው፤ አዲስ መሥሪያ ቤትም ሆነ ትልቅ በጀት አይሹም።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

አያቶቻችን ያልተጠያየቁት እየተፈራሩም እየተከባበሩም ነበር። ፍርሃቱን ከአክብሮቱ ለይቶ የማንሣት ዕድል የደረሰው ለእኛ ትውልድ ይመስለኛል። በነገው የመስክ ጉብኝታችን ላይ በአጠገባችሁ የሚቀመጠውን ባልደረባችሁን አንድ ነገር ጠይቁት፤ ጥያቄያችሁ ቢመለስባችሁም ደስ ይበላችሁ።